ዓርብ ዓርብ የሚሞላው ክፍል

ባለፈው ሳምንት አንድ ደላላ የግቢዬን በር አንኳኳ። ወጣት ነው። ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ አንድ እግሩን መሬት አስረግጦ፣ “እማማ፣ መቼም እዚህ ግቢ ባዶ ክፍል አይጠፋም” አለኝ።

“የለም” አልኩት።

አንገቱን አስግጎ በትከሻዬ ላይ ወደ ጓሮው ተመለከተ። “ያኛውስ?”

“የለም አልኩህ እኮ ልጄ።”

አልተቀየምኩትም። ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተና መንገዱ ከተሠራ ወዲህ ጂንካ ውስጥ ክፍል የሚፈልገው ሰው በዝቷል፤ እሱም እንጀራው ነው። ባለቤቴ ማቴዎስ ካረፈ ገና መንፈቅ እንዳልሆነው ከየት ያውቃል? ሄደ። በሩን ዘግቼ ግን ወደ ቤት መግባት አቃተኝ። ማንጎው ሥር ቆሜ “ባዶ” የምትለዋን ቃል በአፌ ውስጥ ስመላልሳት ቆየሁ። እኔም በሃያ ዓመቴ በዚህችው ከተማ በር እያንኳኳሁ ይህንኑ ቃል እጠይቅ ነበር። ማቴዎስም አጠገቤ ነበር። ይህን የምጽፈው ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥቂት ጥቂት እያልኩ ነው፤ አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር ጽፌ እተወዋለሁ።

ያን ጊዜ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። የአውሮፕላን ማረፊያው በከተማው መካከል ተንጣሎ ሣሩን ላምና ፍየል ይግጡታል። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ዘበኛው እየሮጠ ከብቱን ያባርራል፤ እኛም ማን እንደመጣ ለማየት ከየቤታችን እንወጣለን። ቤቱ ሁሉ ጭቃ ነበር። ቆርቆሮ ያለበሰ ሰው እንደ ባለጸጋ ይታያል፤ የቀረው ሣር ክዳን ነው። በየጓሮው እንሰቱና ጎደሬው፣ ማንጎውና ቡናው ተጠላልፎ የማን አጥር የት ላይ እንደሚያልቅ እንግዳ ሰው አይለየውም። ዝናብ ሲጥል ጭቃው ቀይ ነው፤ ጫማ ይዞ ያስቀራል።

ከተማዋ የዞን መቀመጫ በመሆኗ ከአዋሳም፣ ከአርባ ምንጭም፣ ከሌላም ስፍራ የተመደቡ የመንግሥት ሠራተኞች ከጭነት መኪና ላይ ፍራሻቸውን ይዘው ይወርዱ ነበር። የሚያድሩበት ግን የለም። አስተማሪዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ተደራርበው ይኖራሉ። አንድ ዳኛ ለወራት በሻይ ቤት ጓሮ፣ ከከሰል ጆንያ ጎን አልጋ ዘርግተው እንደኖሩ አስታውሳለሁ። ጠዋት ጠዋት ካባቸውን አራግፈው ወደ ችሎት ይሄዱ ነበር። በዚህ ምክንያት ከተማው ስንት ቤት እንዳለው፣ ስንቱ ባዶ እንደሆነ፣ ከዓመታት በኋላም ስንት ቤት እንደሚያስፈልግ ይጠና ተባለ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስንና ሥራ ያላገኘን ልጆች በቆጣሪነት ተቀጠርን።

ያሠለጠኑን ከአዋሳ የመጡ አቶ ግርማ የሚባሉ ሰው ናቸው፤ ቀጭንና ድምፃቸው ዝግ ያለ። ጨጓራቸው ምንም ነገር አይቀበልም ነበርና ሙዝ እየላጡ ነው ያስተማሩን።

“ቤት ማለት ለብቻው በር ያለው፣ ሰው የሚያድርበት ነው” አሉን፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ በር ስለው። “ሰው አለበት የምትሉት ትናንት ሌሊት እዚያ ያደረ፣ ነዋሪነቱም እዚያው የሆነ ሰው ሲኖር ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ ባዶ ነው። በመካከል ሌላ ነገር የለም።”

ከማቴዎስ ጋር አንድ ላይ መደቡን። እሱ የጎፋ ልጅ ነው፤ አባቱ አናጢ፣ እሱም አናጢ። ከተማሪነታችን ጀምሮ በዐይን እንፈላለግ ነበር፤ በኋላም በዐይን ብቻ አልቀረም። እናቴ “ጴንጤ” እያለች አንድ ሰሞን አኩርፋ ነበር፤ በኋላ የተሰበረ ቁም ሣጥኗን ጠግኖ ሲሰጣት ኩርፊያዋ ቀስ በቀስ ለቀቃት። የእኛ ችግር እናቴ አልነበረችም። ማቴዎስ የሚያድረው በአናጢዎች መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ በእንጨት ፍቅፋቂ ላይ ከሌሎች ጋር ተደርድሮ ነው። ሚስት ይዞ የሚገባበት ክፍል በከተማው ሊያገኝ አልቻለም። ለሁለት ዓመት ፈልገናል። “ለአንድ ዘመዴ ነው” እያልኩ ነበር የምጠይቀው፤ የሚያምነኝ የነበረ አይመስለኝም።

ሥራው እንዲህ ነበር። በር እናንኳኳለን፤ እንጠይቃለን፤ የጨረስነውን ቤት በር በጠመኔ ምልክት እናደርግበታለን። ዝናቡ ጠመኔውን ያጥበዋል፤ ዝናቡ የተወውን ሰው ያጥበዋል። ማንም ቤቱ እንዲቆጠር አይወድም ነበርና። ምክንያቱ ሩቅ አልነበረም። በደርግ ጊዜ “ትርፍ ቤት” ተብሎ ከአንድ በላይ ያለው ሰው ተወርሷል። ወጣት ቆጣሪ መጥቶ “ስንት ክፍል አለዎት? ባዶ አለ?” ሲል ሰው ወዲያው በሩን መለስ ያደርጋል። ደግሞም ባዶ ተብለው የሚጻፉትን ክፍሎች ቀበሌው ለሠራተኞች ሊሰጣቸው ነው የሚባለው ወሬ ከእኛ ቀድሞ በየቤቱ ይገባል። ስለዚህ የከተማው ሰው አንድ ብልሃት ዘየደ፤ ሰው መዋዋስ ጀመረ። ባዶ ክፍል ያለው ከጎረቤት አክስት፣ አጎት፣ ታማሚ ይዋሳል። እኛ እስክንሄድ እዚያ ይተኛሉ።

ጋሽ ደምሴ የሚባሉ፣ አረንጓዴ ኮፍያ ከራሳቸው የማይወርድ ሽማግሌ ነበሩ። ጠዋት በአንድ ቤት የባለቤቷ አጎት ሆነው ተኝተው አገኘናቸው። ከሰዓት በኋላ በሦስተኛው ሠፈር ተከራይ ሆነው፣ ኮፍያቸውን ዐይናቸው ላይ ደፍተው፣ ያቃስታሉ።

“ጋሽ ደምሴ፣ ትናንት በስንት ቤት አደሩ?” አላቸው ማቴዎስ።

ዐይናቸውን ሳይገልጡ፣ “ልጄ፣ ሽማግሌ እንቅልፍ የለውም። እየዞርኩ ነው የማድረው” አሉት።

ስቀን ስቀን ደከመን። ቢሆንም ማቴዎስ በዚያው መንገድ ላይ፣ “እንዲህ ከሆነ እኮ በጽሑፉ ላይ ይቺ ከተማ አንድ ባዶ ክፍል የላትም” አለኝ። ድምፁ የቀልድ አልነበረም። እኔም ያሰብኩትን ነው የተናገረው። ሳንነጋገርበት ሁለታችንም ለራሳችን እየቆጠርን ነበር። በገባንበት ቤት ሁሉ እሱ ምሰሶውን በጣቱ አንጓ መታ መታ ያደርጋል፤ ምስጥ የበላው እንጨት ድምፁ የሞተ ነው ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ምድጃ የት ይደረጋል፣ መስኮቱ ወደየት ያያል እያልኩ አስባለሁ።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ነበር፤ ከዛሬ አሥር ዓመት በኋላ ከቤተሰቡ ስንት ሰው የራሱን ቤት ይፈልጋል? እናቶች ልጆቻቸውን መቁጠር አይወዱም። “እግዜር ያውቃል” ይሉንና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። እኛም መስመሩ ላይ የመሰለንን እንጽፍ ነበር።

እማማ አስካለ ቤት የደረስነው ረቡዕ ቀን ነው። ከገበያው በስተጀርባ፣ ወደ ነሪ ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነበር ቤታቸው። የደጁ ቤት ቆርቆሮ ነው፤ ከጓሮ ደግሞ ለብቻዋ የቆመች፣ ሣር ክዳን ያላት ሰፊ ክፍል አለች። በሯ ቁልፍ የለውም፤ በልጥ ገመድ ታስሯል። ፈቱልንና ገባን። ወለሉ በእበት የተለቀለቀ፣ ንጹሕ። አልጋ የለም። አግዳሚ እንጨት ላይ ቁርበቶች ተጠቅልለው ተሰቅለዋል፤ ቅሎች ተደርድረዋል። ማቴዎስ ምሰሶውን መታ አደረገ። ዞር ብሎ አየኝ። ምስጥ አልነካውም።

“እዚህ ማን ነው የሚያድረው እማማ?” አልኳቸው።

“ጋርሾ።”

“ልጅዎ ነው?”

“ጋርሾ የሚባል ልጅ የምወልድ እመስላለሁ? የበና ሰው ነው።”

“ትናንት ማታ እዚህ አድሯል?”

“ትናንት ማክሰኞ አይደል? ማክሰኞ እዚህ ምን ይሠራል? ከከብቱ ጋር ነው።”

“መቼ ይመጣል?”

“ዓርብ፣ ከነሰዎቹ። ቅዳሜ ገበያቸውን ውለው እሑድ በጠዋት ይወጣሉ።”

“እንግዲያው ነዋሪነቱ እዚህ ነው ልበል?”

“ቢሰማሽ ይስቅብሻል። ከብት ያለው ሰው ከተማ ይኖራል?”

ይህን ስንባባል ጎረቤታቸው በአጥሩ ላይ ብቅ አለችና፣ “ልጆቼን ልላክልዎ አላልኩም? ተከራይ ናቸው ይበሏቸው እንጂ!” አለች፣ እኛ የማንሰማ ይመስል።

“አንቺ ዝም በይ!” አሏት እማማ አስካለ። “በእንግዳ ቁርበት ላይ ውሸት አላስተኛም።”

ከዚያ በሩ መቃን ላይ ተቀመጡና ነገሩን ነገሩን። በቆላው በሚኖሩት በበናና በሐመር ሰዎች ዘንድ “ቤል” የሚሉት ወዳጅነት አለ። አንድ ጊዜ ከተሳሰሩ በሥጋ እንደመዛመድ ነው፤ አንዱ በሌላው አገር ሲደርስ የሚያድርበትን አይጠይቅም። የእማማ አስካለ ባል ማር ነጋዴ ነበሩ፤ ከጋርሾ ጋር የተሳሰሩት እሳቸው ናቸው። ባልየው ከሞቱ በኋላም ጋርሾ አልቀረም። መንግሥት በተለወጠ ጊዜ የተበተነ ወታደር በመንገዱ ላይ እየተኮሰ ሲያልፍ፣ ከተማው ሲዘረፍ፣ እማማ አስካለ ልጆቻቸውን ይዘው በእግራቸው ወደ በና ወረዱ። ማሽላው እስኪታጨድ ድረስ በጋርሾ ቤት ተቀመጡ። ሚስቱ የራሷን ቁርበት ለእሳቸው አንጥፋ እሷ መሬት ተኛች።

“ስገባ እስከ መቼ ነው ያለኝ የለም” አሉን። “አሁን ባዶ ብላችሁ ጻፉና ቀበሌው ሠራተኛ ያስገባበት። ዓርብ መጥቶ በሩ ላይ የሌላ ሰው ቁልፍ ካየ ምን እለዋለሁ?”

የመጨረሻውን ጥያቄ ማቴዎስ ጠየቃቸው፣ ነገሩን ለማስረሳት ይመስለኛል። ከአሥር ዓመት በኋላ ማን ቤት ይፈልጋል?

“ልጆቼ በየአገሩ ተበትነዋል። እኔ ከአሥር ዓመት በኋላ የምፈልጋት ቤት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ናት፤ አጥር አትፈልግም” አሉ።

በጓሮዋ ክፍል መስመር ላይ ምንም ሳንጽፍ ወጣን። የምንፈልገው ክፍል እሱ ነበር። ባዶ ብለን ብንጽፍ፣ ለቀበሌው ሊቀ መንበር ቀድመን ብንናገር፣ ማን ይከለክለን ነበር? ማቴዎስ ይህን እንዳሰበ አውቃለሁ፤ እሱም እኔ እንዳሰብኩ ያውቃል። ከመለያየታችን በፊት፣ “አይሆንም አይደል?” አለኝ። “አይሆንም” አልኩት።

አመሻሹ ላይ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ስንሰበሰብ አቶ ግርማ ያልተሞላውን መስመር አዩት። “ይኸ ለምን ነጭ ሆነ?” አሉ። ማቴዎስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራቸው።

“ባዶ ነው” አሉ አቶ ግርማ፣ በደከመ ድምፅ። “ባዶ ሲባል ቀበሌው ለሠራተኛ እንደሚሰጠው አውቃለሁ። ሻይ ቤት ጓሮ የሚያድሩትንም ዳኛ አውቃቸዋለሁ። የገጠር ነዋሪ በከተማ አይቆጠርም።”

“ኑሯቸው ገጠር ነው ጋሼ” አላቸው ማቴዎስ፣ “እንቅልፋቸው ግን ከተማ ውስጥ ነው። ዓርብ መጥተው ይቁጠሩት።”

የተቆጡ መስሎኝ ፈራሁ። ሙዛቸውን ልጠው ግማሹን በሉ፤ የቀረውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና፣ “ዓርብ እሄዳለሁ” አሉ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ፤ የሚያዝያ ዝናብ። ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ ከሣር ክዳኑ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። እንግዶቹ ቀድመውናል። በትሮቻቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈዋል፤ ክፍሉ ቅቤና እርጥብ ቁርበት፣ የማር ሰፈፍም ይሸታል። ወንዶቹ በየትንንሽ በርጩማቸው ላይ፣ ሴቶቹ ቁርበታቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። እማማ አስካለ የተቀቀለ ጎደሬና በቆሎ ያቀርባሉ። ለወትሮው ዝግ ብለው የሚራመዱት ሴትዮ ያን ቀን እንደ ልጃገረድ ነው የሚሯሯጡት፤ አንዷን ይቆጣሉ፣ አንዱን በበናኛ ይሰድባሉ፣ እሱም ይመልስላቸዋል፣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

ለአቶ ግርማ የፈላ የቡና ገለባ በቅል ተሰጣቸው። ቅሉን በሁለት እጃቸው ይዘው ትንሽ አመነቱ። ጨጓራቸውን ስለማውቅ ልናገርላቸው ነበር። እሳቸው ግን ጠጡት። ጨርሰውም ቅሉን በሥርዓት መለሱ።

ጋርሾ ረጅም፣ ፂሙ መሸበት የጀመረ ሰው ነበር። አቶ ግርማ ወደ እሱ ዞር ብለው፣ “ይህ ክፍል ባይኖር የት ታድራለህ?” አሉት።

“ዛፍ ሥር” አለ ጋርሾ።

“ዝናብ ሲሆንስ?”

“ዝናብ እኔ ያውቃል።” እንግዶቹ ሳቁ። ጋርሾ ግን አልሳቀም። “እኔ ዛፍ ሥር ተኛ፣ ችግር የለም። አስካለ ግን ታፍራለች። ሰው ‘የአስካለ ቤል ዛፍ ሥር ተኛ’ ይላል።”

አቶ ግርማ ያልተሞላውን ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ። በኋላ እማማ አስካለን፣ “እናቴ፣ ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ነዋሪ ከሌለው ባዶ ብዬ ማለፍ አለብኝ። ወረቀቱን የማስረክበው ሰኞ ነው። እስከዚያ ተከራይ ቢኖረው ግን ባዶ አይደለም። እውነተኛ ተከራይ፤ እንዲያው የተዋሱት አይደለም” አሏቸው። የጋሽ ደምሴን ነገር ሰምተው ነበር ማለት ነው።

“ማንን ላስገባ?” አሉ እማማ አስካለ። “ሠራተኛው ዓርብ ማታ እንግዶቼን አስወጪ ይለኛል። ከዚህ ሁሉ ሰው ጋር ተጋፍቶ የሚያድር ማን አለ?” እንዲህ እያሉ ዐይናቸው በእኔና በማቴዎስ ላይ አረፈ። እዚያው ቆየ። “እናንተ ሁለታችሁ ቤት ፍለጋ ስትዞሩ አይደል የከረማችሁት?”

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። “ለዘመዴ ነው” አልኩ።

“ዘመድሽ ይኸው ከጎንሽ ቆሟል። ልጅ፣ ታገባታለህ አታገባትም?”

ማቴዎስ አናጢ ነው፤ በሰው ፊት መናገር አይሆንለትም። ጆሮው ቀላ። “አገባታለሁ” አለ፣ ምሰሶውን እያየ።

“እስካሁን አልጠየቀኝም” አልኩኝ። ለምን እንዳልኩት አላውቅም፤ ከአፌ አመለጠኝ።

“ይኸው ጠየቀሽ። ዓርብና ቅዳሜ ግን ወለሉ የእንግዶቼ ነው። እሱን ከቻላችሁ ግቡ።”

ጋርሾ የሆነውን እንዲያስረዱት ጠየቀ። እማማ አስካለ በበናኛ ነገሩት። እኔን ከእግር እስከ ራሴ አየኝና፣ “ፍየል አመጣለሁ” አለ። አቶ ግርማ ተነሥተው ኮታቸውን ቆለፉ። “እኔ ለቆጠራ ነው የመጣሁት፤ ሽምግልና ላይ አልተቀመጥኩም” አሉ። ሲወጡ ግን ማቴዎስን ትከሻውን ነካ አድርገውት አለፉ።

ማቴዎስ እሑድ መጋዙንና መዶሻውን ይዞ ገባ። መጀመሪያ የሠራው ነገር አልጋ ነው፤ ግን ወለል ላይ አይደለም። ከግድግዳው ጋር አያይዞ ከሰው ቁመት በላይ ቆጥ ሠራ፣ ከነመሰላሉ። ወለሉ እንደነበረ ለእንግዶቹ ቀረ። ከሰኔ ጾም በኋላ ተጋባን። ጋርሾ ፍየሉን አመጣ። በሠፈራችን ባዶ ተብለው የተጻፉት ጥቂት ክፍሎች ክረምቱ ሳይገባ ለሠራተኞች ተሰጡ፤ ዳኛውም ከሻይ ቤቱ ጓሮ ወጡ፣ እሰየው። ጥናቱ ራሱ ከአዋሳ በኋላ የት እንደደረሰ ሰምቼ አላውቅም።

የትዳራችን የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዚያ ቆጥ ላይ አለፉ። ዓርብ ማታ ከታች የማናውቀው ቋንቋ ቀስ እያለ ይወራል፣ አንዱ ያስላል፣ አንዷ ሕፃን ታባብላለች። እኛ ከላይ ሆነን ሳቃችንን በጋቢ እንሸፍናለን። የመጀመሪያ ልጃችን ሲወለድ በአግዳሚው ላይ ካሉት ቁርበቶች አንዱ የእሱ ሆነ። እማማ አስካለ ሲሞቱ የገዛ እናቴን የቀበርኩ ያህል አለቀስኩ፤ ቤቱን ልጆቻቸው ሸጡት። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል። እኛም ይችን ግቢ ሠራን። ማቴዎስ የጓሮውን ክፍል ሲጀምር ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

በኋላ መንገዱ ተስተካከለ፤ ሞተር ሳይክል በየመንደሩ ገባ። የበና ሰዎች በጠዋት መጥተው ገበያቸውን ውለው ማታ እቤታቸው ያድራሉ። አንድ ዓርብ ቀሩ፣ ሌላም ዓርብ ቀሩ፤ በመጨረሻ ክፍሉ የማቴዎስ ዕቃ ማስቀመጫ ሆነ። ማንም ማንንም አላስቀየመም። ቅዳሜ በገበያ ስንገናኝ እንሳሳማለን።

ማቴዎስ ሲሞት ጋርሾ በልጅ ልጁ ሞተር ላይ ተፈናጦ መጣ። ዐይኑ ደክሟል። ልጁም አብራው ነበረች፤ ጎልማሳ ሴት ናት፣ በሕፃንነቷ ከቆጣችን ሥር ተኝታ የምታለቅሰው እሷ ሳትሆን አትቀርም። ድንኳን ውስጥ ተቀመጡ፣ አለቀሱ፣ ሄዱ። ልጆቼም ወደየሥራቸው፣ ወደ ሐዋሳና ወደ አርባ ምንጭ ተመለሱ። “ክፍሉን አከራዪው እማዬ፣ ሰው ይኖርሻል” ይሉኛል በስልክ።

ከዚያ በሁለተኛው ወር አንድ ዓርብ አመሻሹ ላይ የጋርሾ ልጅ ለብቻዋ መጣች። ቅቤ ይዛልኛለች። ትንሽ ከተጫወትን በኋላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጊዜ አሰብኩላትና፣ “ሞተሩ እንዳያመልጥሽ” አልኳት።

“ሞተር ሄደ” አለች።

“ጥሎሽ ሄደ?”

“እኔ ሂድ አልኩ።”

“ነገ ገበያ አለሽ?”

“ገበያ የለም። የሚሸጥ አሁን አልያዝኩ።”

“ታዲያ ምን ሆነሽ ነው የምታድሪው?”

የሞኝ ጥያቄ የጠየቅኋት ይመስል አየችኝ። “አንቺ ብቻሽን ነሽ” አለችኝ። ተነሥታ ወደ ጓሮ ሄደች፤ የማቴዎስን ሳንቃዎች ወደ ጥግ ስትገፋ ከዚህ ሆኜ ሰማኋት። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም ዓርብ ባይሆንም ትመጣለች።

እማማ አስካለ “ዓርብ መጥቶ በሩ ላይ የሌላ ሰው ቁልፍ ካየ ምን እለዋለሁ?” ሲሉን፣ ለእንግዳው የተጨነቁ ብቻ መስሎን ነበር። ወጣት ነበርን፤ የምናስበው ስለ ምሰሶና ስለ ምድጃ ነው። ሴትየዋ ባላቸውን የቀበሩ፣ ልጆቻቸው የተበተኑባቸው መሆናቸውን ሰምተን በወረቀቱ ላይ ጽፈነዋል፤ ሳምንቱን ሙሉ በዚያ ግቢ የሚሰማው ድምፅ የራሳቸው ብቻ እንደነበር ግን አላሰብንም። ያን ዓርብ ሲሳደቡና ሲስቁ አይቻቸው፣ እንግዳ ተቀባይ ሴት ናቸው ብዬ አደነቅኋቸው። ከዚያ በላይ አልገባኝም። አሁን እኔም በእሳቸው ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ፤ ረቡዕና ሐሙስ ምን ያህል እንደሚረዝሙ አውቃለሁ።

ነገ ዓርብ ነው። ጎደሬ ገዝቼ አስቀምጫለሁ።